ቁጥሩና ሽቦው

የኤሌክትሪክ ምድጃ ባለበት ቤት ሁሉ ይህ ሳይደርስ አይቀርም። ጀበና ተጥዶ ሳለ ሽቦው ይበጠሳል። አዲስ እስኪገዛ ድረስ የተቃጠለውን ቆርጦ መጣል፣ ጫፍና ጫፉን ጠምዝዞ ማያያዝና መልሶ ሸክላው ቦይ ውስጥ መክተት ነው። የዚያን ዕለት ምድጃው ከወትሮው ደምቆ ይቀላል፤ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ «እንዲያውም ተሻለው» ይባላል። ብዙም ሳይቆይ ሽቦው ሌላ ቦታ ላይ ይበጠሳል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሽቦ በረዘመ ቁጥር ኤሌክትሪኩን ይበልጥ ያግዳል፤ ይህ እገዳ የሚለካው በኦም ነው። በ220 ቮልት 1000 ዋት የሚሰጥ ሽቦ እገዳው ወደ 48 ኦም ይጠጋል። አንድ አምስተኛው ተቆርጦ ቢጣል እገዳው ወደ 39 ኦም ይወርዳል፣ ኃይሉ ደግሞ ወደ 1250 ዋት ይወጣል። ከግድግዳው የሚመጣው ቮልት ያው ነው። የበዛውን ሙቀት የሚሸከመው ግን ያጠረ ሽቦ ነው፤ ስለዚህ ዕድሜው ያጥራል።

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ ብዙዎች እንደሚሉት ቬፕ፣ ሲከፈት የሚገኘው የዚሁ ምድጃ ታናሽ ወንድም ነው። የተጠቀለለች ቀጭን ሽቦ አለች፤ ኮይል ይሏታል። በመካከሏ ጥጥ ያልፋል፤ የጥጡ ጫፎች ፈሳሽ ውስጥ ተነክረዋል። ከስር ባትሪ አለ። ጥጡ የሚሠራው የኩራዝ ክር የሚሠራውን ነው፦ ክሩ ላምባውን ወደ ነበልባሉ እንደሚስበው፣ ጥጡም ፈሳሹን ወደ ሽቦዋ ይስባል። ፈሳሹ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ግሊሰሪን ነው፤ ግሊሰሪኑ ለቆዳ ማለስለሻ ከፋርማሲ የምንገዛው ዓይነት ነው። በእነዚህ ውስጥ ኒኮቲንና ማጣፈጫ ይሟሟል። ፕሮፒሊን ግላይኮል በ188 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግሊሰሪን በ290 ዲግሪ ይፈላሉ። ሽቦዋ ስትግል ፈሳሹ ይተንና ከቀዝቃዛ አየር ጋር ሲገናኝ ጉም ይሆናል። ሰውየው የሚስበው ያንን ጉም ነው። የሲጋራ ፍም ሲሳብ እስከ 900 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ትንባሆው ይነዳል። እዚህ ግን ሁሉም ነገር እንደታሰበው ከሄደ የሚነድ ነገር የለም። «እንደታሰበው ከሄደ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ ስለዚያ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ኸርበርት ጊልበርት የተባለ አሜሪካዊ ትንባሆም ጭስም የሌለው ሲጋራ እ.ኤ.አ. በ1963 ለፓተንት አቅርቦ በ1965 ጸድቆለታል፤ ገበያ ግን አላገኘም። ዛሬ በዓለም የተሰራጨው መሣሪያ የመነጨው ከቻይናዊው የመድኃኒት ባለሙያ ከሆን ሊክ ነው፤ በ2003 ፈለሰፈው። ሆን ሊክ መጀመሪያ ፈሳሹን ወደ ጉም የለወጠው በድምፅ ሞገድ ንዝረት ነበር። ኋላ ገበያውን የያዘው የጋለ ሽቦ ሆነ፤ ሼንዘን ከተማም የዓለም ዋና መፈብረኪያ ሆነች።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ማስተካከያ አልነበራቸውም። ባትሪው ያለውን ሁሉ በቀጥታ ወደ ሽቦው ይለቅ ነበር። የሊትየም ባትሪ ሞልቶ ሲወጣ 4.2 ቮልት አለው፤ እየተጠቀሙበት ሲሄድ ወደ 3.4 ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ኃይል የሚሰላው ግን ቮልቱን በራሱ አባዝቶ ለኦሙ በማካፈል ነው። የ1.8 ኦም ሽቦ ጠዋት ባትሪው ሙሉ ሳለ 9.8 ዋት ያገኛል፤ ወደ ማታ 6.4። ሲጋራ ለመተው ብሎ የያዘው ሰው ጠዋት የረካበት መሣሪያ ማታ አፍ ውስጥ ለብ ያለ እንፋሎት ብቻ ይሆንበታል። ብዙዎች መሣሪያውን ጥለው ወደ ሲጋራቸው ቢመለሱ አልፈርድባቸውም።

ሌሎቹ ደግሞ ምድጃ ጠጋኙ ሳያስበው የሚያደርገውን ሆን ብለው አደረጉት፤ ሽቦውን አሳጠሩት። እገዳው ከአንድ ኦም በታች ወረደ። 0.2 ኦም በሆነ ሽቦ ላይ ሙሉ ባትሪ በቀጥታ ቢለቀቅ 88 ዋት ይወጣል፤ ጉሙ ክፍሉን ይሞላል። ነገር ግን ያኔ ከባትሪው የሚወጣው 21 አምፔር ነው። በእነዚህ መሣሪያዎች በብዛት የሚገባው ባትሪ 18650 ይባላል፤ ስሙ ልኩ ነው፣ 18 ሚሊ ሜትር ስፋትና 65 ሚሊ ሜትር ቁመት። ጥሩ የሚባለው 20 ወይም 25 አምፔር ያለማቋረጥ መስጠት ይችላል፤ ርካሹ የዚያን ግማሽ እንኳን ላይችል ይችላል። ከአቅሙ በላይ የተጠየቀ የሊትየም ባትሪ ይግላል፣ ጋዝ ይተፋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ይህ በኪስ ውስጥ የሚያዝ፣ ወደ አፍ የሚቀርብ ዕቃ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የሚስተካከል ኃይል የመጣው ይህን ለመፍታት ነው። በባትሪውና በሽቦው መካከል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ገባች። መጀመሪያ የሽቦውን ኦም ትለካለች፤ ሰውየው የመረጠውን ዋት ታያለች፤ ለዚያ ዋት የሚያስፈልገውን ቮልት ታሰላና ባትሪው ካለው ላይ እየቀነሰች ወይም እየጨመረች ትልካለች። የ1.8 ኦም ሽቦ 12 ዋት እንዲያገኝ ከ4.6 ቮልት ትንሽ በላይ ይፈልጋል፤ ሙሉ ባትሪም ያን ያህል የለውም፣ ሰሌዳዋ ግን ከፍ አድርጋ ትሰጣለች። ባትሪው እስኪደክም ድረስ ጠዋትና ማታ 12 ዋት 12 ዋት ነው። ኦሙ ከመጠን በላይ ቢወርድ ወይም ሽቦው እርስ በርሱ ቢነካካ አልሠራም ትላለች። እኔ በዚህ መሣሪያ ታሪክ ውስጥ ለሰው ደኅንነት ትልቁ እርምጃ ይህች ሰሌዳ ናት ባይ ነኝ።

ሰሌዳዋ ግን አዲስ አሳሳች ነገር ይዛ መጣች፤ ስክሪን ላይ የሚበራውን ቁጥር።

ሰው ቁጥሩን እንደ ሬዲዮ ድምፅ ያየዋል፤ ሲፈልግ ከፍ፣ ሲፈልግ ዝቅ። «አንተ ስንት ላይ ነው የምታደርገው?» ይባባላሉ። ጓደኛው 60 ካለ እሱም 60 ያደርጋል። ጥያቄው ትርጉም የሚኖረው ሁለቱም አንድ ዓይነት ሽቦ ካላቸው ብቻ ነው። ይህን ለማየት ወደ ማዕድ ቤት እንመለስ። 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ኃይሉ በምጣዱ ፊት ላይ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 1.2 ዋት ገደማ ነው። አሁን ውፍረቷ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቷ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች የቬፕ ሽቦ እንውሰድ። መላ ገላዋ ከ1.3 ካሬ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። 15 ዋት ብቻ ብትሰጣት ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 12 ዋት ያህል ይደርሳታል። እንጀራ ከሚያበስለው ምጣድ አሥር እጥፍ የተጠጋጋ ሙቀት ነው። ሽቦዋ እጥፍ ብትረዝም ያው 15 ዋት ወደ 6 ይወርዳል። ስክሪኑ በሁለቱም ላይ 15 ይላል፤ ጥጡ የሚያየው ግን ፈጽሞ የተለያየ እሳት ነው።

ስለዚህ አምራቾች በኮይሉ ጎን ላይ የሚጽፉት የዋት ክልል፣ ለምሳሌ ከ40 እስከ 60፣ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። ያን ያህል ሽቦ፣ ያን ያህል ጥጥ፣ ያን ያህል የአየር ቀዳዳ አለኝ ማለቱ ነው። መሣሪያው 200 ዋት መስጠት መቻሉ ኮይሉ 200 ይችላል ማለት አይደለም።

ከልኩ በላይ ሲኬድ የሚሆነው እንዲህ ነው። ፈሳሹ እስካለ ድረስ ሽቦው ከፈሳሹ መፍያ ብዙም ሊርቅ አይችልም፤ ሙቀቱ በትነት ያልቃል፤ ውሃ ያለበት ድስት እንደማያር ማለት ነው። ጥጡ የሚስበው ከሚተነው ካነሰ ግን ሽቦው ይደርቃል፣ ሙቀቱም በቅጽበት ይዘላል። ያኔ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል መትነናቸው ቀርቶ መፈራረስ ይጀምራሉ፤ ከፍርስራሹ ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ይወጣሉ። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አክሮሊን ጉሮሮና ሳንባን የሚለበልብ ነገር ነው፣ ያረረ ዘይት ዓይን የሚያስለቅሰው በእሱ ምክንያት ነው።

በጥር 2015 የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አጭር ደብዳቤ አሳተሙ። ቮልቱ በሚስተካከል መሣሪያ 3.3 ላይ ሲለኩ ፎርማልዴሃይድ የያዙ ውህዶች አላገኙም፤ 5.0 ላይ ግን በብዛት አገኙ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ግሪካዊው የልብ ሐኪም ኮንስታንቲኖስ ፋርሳሊኖስና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት መልስ ሰጡ። ልምድ ያላቸውን ተጠቃሚዎች ሰብስበው ዋቱን እየጨመሩ አስጨሷቸው፤ አልዴሃይዶቹ እጅግ ከፍ ያሉት ሰዎቹ ራሳቸው «አረረ» ብለው በሚሸሹት ደረጃ ላይ ነበር። ሰው እንደዚያ ያለ ጉም በፈቃዱ አይስብም የሚል ነው ክርክራቸው። ሁለቱንም ወገን ሳስተያይ የሚገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ያው መሣሪያ፣ ያው ፈሳሽ በአንድ ቁልፍ እንቅስቃሴ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥ ይችላል። ምላስ ጥሩ ጠባቂ ነው፤ ሆኖም ጠንካራ ማጣፈጫ የምላስን ምስክርነት ሊያደበዝዝ እንደሚችል አልረሳም፤ ጀማሪም የትኛው ጣዕም የማረር እንደሆነ ገና አያውቅም።

ከመርዙ ይልቅ ብዙም የማይነገረው የመጠኑ ጉዳይ ነው። ጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም ኒኮቲን እንዳለ ነው። ሰው 3 የሚለውን ገዝቶ «ቀለል ያለውን ነው የምጠቀመው» ይላል። በትልቅ ኮይል በ70 ዋት ሲስበው ግን በአንድ ትንፋሽ የሚተነው ፈሳሽ በ10 ዋት ከሚተነው ብዙ እጥፍ ነው። የቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት ቮልቱን፣ የመሳቡን ርዝመትና የኒኮቲኑን መጠን እየቀያየሩ ለኩ፤ በ15 ስቦሽ የሚገኘው ኒኮቲን ከሃምሳ እጥፍ በላይ ሲለያይ አገኙት። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 ባወጣው መመሪያ ፈሳሹ በሚሊ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ኒኮቲን እንዳይኖረው ከልክሏል፤ ዋትን ግን በቁጥር አልወሰነም። ይህ የእጣንን ክብደት መዝኖ የፍሙን ብዛት እንደመርሳት ነው። ወጣት ልጅ ያላችሁ በዋሽንግተንም ሆነ በለንደን የምትኖሩ ወላጆች ጠርሙሱን ብቻ አንብባችሁ እንዳትረኩ እለምናችኋለሁ፤ ስክሪኑንም አንብቡ። ኒኮቲን በየትኛውም ዋት ሱስ አስያዥ ነው። ሲጋራ የማያጨስ ሰው ይህን መሣሪያ የሚጀምርበት ምንም ምክንያት አይታየኝም። አገር ቤት ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ንግድ ከልክሏል።

ከዋት ይልቅ ራሱን ሙቀቱን መቆጣጠር የሚያስችል ብልሃትም አለ። ኢቮልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2014 ያወጣው ሰሌዳ ይህን በሰፊው አስለመደ። መሠረቱ አንድ የተፈጥሮ ጠባይ ነው፦ የአንዳንድ ብረቶች እገዳ ሲሞቁ ይጨምራል። ኒኬል ከ20 ወደ 220 ዲግሪ ሲሞቅ እገዳው ከእጥፍ ያልፋል። ሰሌዳዋ የሽቦውን ኦም በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለካች ምን ያህል እንደጋለ ታሰላለች፤ ከተወሰነው ዲግሪ ሲደርስ ኃይሉን ትቀንሳለች። ቴርሞሜትር አላስፈለጋትም፤ ሽቦው ራሱ ቴርሞሜትር ሆነ። ጥጡ ሲደርቅ ኦሙ በድንገት ስለሚዘል ከማረሩ በፊት ታቆማለች። ይህን ሥራ ቲታኒየምና አይዝጌ ብረትም ይችሉታል። በብዛት የሚሠራበት ካንታል፣ የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ድብልቅ፣ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም እገዳው እምብዛም ስለማይለወጥ አይችልም። የመጀመሪያው ልኬት መወሰድ ያለበትም ሽቦው በደንብ ቀዝቅዞ ሳለ ነው፤ ትኩስ እያለ ከተለካ ሰሌዳዋ ትኩሱን እንደ ቀዝቃዛ ቆጥራ ዲግሪውን ሁሉ ታዛባለች።

በተራው የዋት አሠራር ግን ሰሌዳዋ ስለ ጥጡ የምታውቀው ነገር የለም። ኦሙን ታውቃለች፣ ባትሪውን ታውቃለች፤ ፈሳሹ ማለቁን አታውቅም። አዲስ ኮይል ሲገባ ጥጡ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ጠብ ማድረግ፣ ዕቃውን ሞልቶ አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ ከዚያም ከተጻፈው ክልል ዝቅተኛ ጫፍ መጀመር የሚባለው ለዚህ ነው። ግሊሰሪን የበዛበት ፈሳሽ ወፍራም ስለሆነ በጥጡ ውስጥ በዝግታ ይሄዳል፤ በብርድ ደግሞ ይብሳል። ደጋግሞ ያለ ዕረፍት መሳብም ጥጡ ለመጠጣት ጊዜ እንዳያገኝ ያደርጋል። አንዴ የጥጡ መሐል ከጠቆረ በኋላ ዋቱን ከ60 ወደ 30 ማውረድ አያድነውም፤ ያረረው ጥጥ ፈሳሹን እንደልቡ አይስብም፣ ሽታውም በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይመለሳል። ያ ኮይል ተጥሎ ሌላ መግባት አለበት።