የዋናተኛ ጉልበት ከደረቅ መሬት

ሀብሩ ወረዳ፣ ግራና ላይ ስፖርት ሳስተምር ተማሪዎቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ቲቸር፣ ገንዳ በሌለበት ዋናተኛ እንዴት ይፈጥናል?»

የአውስትራሊያውን ካሜሮን ማክኤቮይን እነግራቸዋለሁ። ከቶኪዮ ኦሊምፒክ በኋላ ከዋና ርቆ ቆየ። ሲመለስ የሚዋኘውን ርቀት በእጅጉ ቀንሶ በጉልበት ሥራ፣ በጂምናስቲክና ቋጥኝ በመውጣት በረታ። በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ21.25 ሰከንድ ጨርሶ ወርቁን ወሰደ።

ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን የሚገታህ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሚስብ ክንድም ቀጥ የሚል ወገብም ያስፈልጋል፤ ሁለቱም መሬት ላይ ይገነባሉ።

ለክንድ እኔ የምመርጠው ላስቲክ መሳብን ነው። ያረጀ የሳይክል ከመነዳሪ ሰንጥቀን ማንጎ ግንድ ላይ እናስራለን። ልጁ ጎንበስ ብሎ እጆቹን ወደፊት ይዘረጋና መዳፉን እስከ ታፋው ይስባል። ክርኑ ከወረደ አስቆመዋለሁ፤ ክርኑ የወረደ ክንድ ውኃውን ሳይዝ ነው የሚያልፈው። ጥቂት ጊዜ በሙሉ ኃይል ስቦ በደንብ ያርፋል። ለ50 ሜትር የሚዘጋጅ ልጅ እስኪዝል ቢጎትት የሚለምደው ዝግታን ነው። ትከሻ የዋናተኛ ስስ ቦታ ስለሆነ ሳያሟሙቁ መጀመር ክልክል ነው። ለመነሻው ዝላይ ቁጢጥ ብሎ ወደፊት መስፈንጠር፣ ለወገብ ደግሞ ፕላንክ፣ ማለትም በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ እንሠራለን፤ ወገብ ከላላ እግር ይሰምጣል።

ስለ ፍጥነት ካነሳን አይቀር፣ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ ኢትዮጵያዊው ዋናተኛ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ሲጨርስ ብዙዎች በሰውነቱ ተሳለቁ። ዛሬም ያመኛል። አሸናፊው ካይል ቻልመርስ 47.58 ገብቷል። ያን የ17 ሰከንድ ልዩነት በሮቤል ሆድ መለካት ግፍ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ የተገኘ ገንዳ፣ አሠልጣኝና ውድድር ያለበት ልዩነት ነው።

ላስቲክ ግን ዋና አያስተምርም። ትንፋሽ አወጣጥና የውኃ ስሜት የሚገኙት ውኃ ውስጥ ብቻ ነው፤ ክረምት የሞላ ወንዝ ደግሞ መለማመጃ አይደለም፣ ልጅ ይወስዳል። ወልዲያ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ግንባታ የመዋኛ ገንዳን ያካተተ ነው። አሠልጣኝ ባለበት፣ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ለሀብሩ ልጆች ቢመደብ፣ ክንዳቸውን አጠንክረው የሚጠብቁ ልጆች እዚህ አሉ።