ከሠላሳ ስድስቱ አንድም አልወጣ!

ዛሬ ፖለቲካውን ለጊዜው እናቆየውና ስለ ፎቶ እናውጋ።

በ1980ዎቹ ዓ.ም መጨረሻ ከሕግ ትምህርት ቤት እንደተመረቅሁ ከጓደኛዬ ካሜራ ተውሼ ወደ ትውልድ ቀዬዬ ወደ አንበሳሜ ሄድኩ። ሠላሳ ስድስት ፎቶ የሚያነሳ አንድ ፊልም ነበረኝ። አባቴን ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፋችን ላይ ካለው ወይራ ሥር አነሳኋቸው። ፊልሙን ባሕር ዳር ወስጄ ሳሳጥበው ፎቶ አንሺው ወደ ብርሃን ዘረጋና “ወንድሜ፣ ምንም የለበትም” አለኝ። ለካስ ስከተው የፊልሙ ጫፍ ከማጠንጠኛው ጋር አልተያያዘም ኖሯል! ቀጭ ባደረግሁ ቁጥር ፊልሙ ካለበት አልተነቃነቀም። አባቴ በዓመቱ አረፉ። ዛሬ መልካቸውን ለልጆቼ የማሳየው ከመታወቂያቸው ላይ ባለች ጉርድ ፎቶ ነው።

የዲጂታል ካሜራ ትልቁ ጥቅም እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ፊልም ብርሃኑን በኬሚካል ይይዛል፤ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ምን እንደያዘ አይታወቅም። ዲጂታሉ ግን ብርሃኑን ወደ ቁጥር ይለውጥና እዚያው ያሳያችኋል። ዓይን ከተጨፈነ፣ ጭንቅላት ከተቆረጠ ሰውዬው ሳይነሳ ደግማችሁ ታነሱታላችሁ።

ሁለተኛው ጥቅም ወጪው ነው። ዱሮ ፊልም መግዣ፣ ማጠቢያ፣ ማሳተሚያ፣ በዚያ ላይ የመኪና ይከፈል ነበር። አሁን ስልኩና ቻርጁ ካለ አንድም መቶም ማንሳት ዋጋው ያው ነው። ሦስተኛው መባዛቱ ነው። ከፎቶ ላይ የተነሳ ፎቶ ይደበዝዛል፤ የዲጂታል ቅጂ ግን ከዋናው አይለይም። (በቴሌግራም ስትልኩ ግን “ፋይል” አድርጋችሁ ላኩት፤ አለዚያ መጠኑ ይቀንሳል።)

የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ በ1975 የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ የሠራው የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ኮዳክ ግን እ.ኤ.አ በ2012 የኪሳራ አቤቱታ አስገባ።

“ፎቶ የከተሜ ቅንጦት ነው” የሚል ካለ የገበሬውን ሳጥን ይክፈት። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ደብተር ላይ መሬቱ የጋራ ከሆነ የባልም የሚስትም ፎቶ ይለጠፋል። ለብዙ እናቶች “ይህ መሬት የእኔም ነው” የሚል ምስክር ያች ጉርድ ፎቶ ናት።

ታዲያ ዲጂታሉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። የእህቴ ልጅ ጉማራን ሲሻገር ስልኩ ወንዝ ገባበት፤ የእናቴ የአራት ዓመት ፎቶም አብሮ ሄደ። እኔ በፊልም አባቴን አጣሁ፣ እሱ በዲጂታል አያቱን። ልዩነቱ የእሱን መከላከል ይቻል ነበር። ስለዚህ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና አንዱን ቅጂ ኮምፒዩተር ወይም ፍላሽ ላይ፣ ሌላውን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡ። ምርጦቹን ደግሞ አሳትሙ። ወረቀት ቻርጅ አይፈልግም።

ሕግ የተማረ ሰው ያለ አንቀጽ አይሰናበትምና አንድ ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ሰውየው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ለፍትሕ ሥራ ሲፈለግ፣ ወይም ምስሉ በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር ሲያያዝና በመሳሰሉት ምክንያቶች ፈቃድ ላያስፈልግ እንደሚችል ይገልጻል። ይህ ሲጻፍ ካሜራ በጥቂቶች እጅ ነበር፤ ዛሬ በየኪሳችን ነው። የጎረቤትን ለቅሶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፍ በፊት “ይፈቀድልኛል?” ማለት ምንም አያስከፍልም።

ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቁና ዛሬውኑ አንሷቸው። ካነሳችሁም በኋላ መውጣቱን እዩ!