ስለ ጥቁር ነቀርሳና በብርሃን ስለሚሠራ መድኃኒት

ከነቀርሳ ዓይነቶች አንዱ ሜላኖማ ይባላል። የሚነሣውም የቆዳን ቀለም ከሚሠሩት ሕዋሳት ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቆዳቸው ጥቁር በሆነ ሰዎች ዘንድ እምብዛም አይገኝም፤ ሲገኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ በውስጥ እግር፥ በመዳፍና ከጥፍር ሥር ነው። በጊዜ ካልታከመ ወደ ሳንባ፥ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ተዛምቶ ይገድላል።

ሊቃውንት ይህን በሽታ በብርሃን ለማጥፋት በእንስሳት ላይ ሲመረምሩ ኖረዋል። የነገሩም መነሻ እንዲህ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1900 ዓመት፥ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ፥ የሄርማን ፎን ታፓይነር ተማሪ የነበረ ኦስካር ራብ አንድ ነገር ገለጠ። ይኸውም በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት አክሪዲን ከሚባል ቀለም ጋራ ሆነው ብርሃን ሲያገኙ ፈጥነው ይሞታሉ፤ በጨለማ ሲሆኑ ግን ይቈያሉ። የገደላቸው የቀለሙና የብርሃኑ መገናኘት ነው።

የመድኃኒቱም አሠራር ከዚህ የወጣ ነው። አስቀድሞ ቀለሙ በሰውነት ውስጥ ይገባል፤ ቀጥሎ ብርሃን በዕጢው ላይ ይበራል። ቀለሙ የብርሃኑን ኀይል ተቀብሎ በሥጋ ውስጥ ላለው ኦክሲጅን ይሰጠዋል፤ ኦክሲጅኑም ኀይለኛ ሆኖ ሕዋሱን ያጠፋል። በዚሁ አቈጣጠር በ1975 ዓመት በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ ቶማስ ዶኸርቲና ባልደረቦቹ በቀይ ብርሃን የአይጦችን ዕጢ አጠፉ። በ1993 ዓመትም የካናዳ መንግሥት መድኃኒቱን ለፊኛ ነቀርሳ ፈቀደ።

ለሜላኖማ ግን እንቅፋት አለበት። በዕጢው ውስጥ ያለው ሜላኒን የሚባለው ጥቁር ቀለም፥ በመስኮት ላይ እንደ ተሰቀለ ጥቁር መጋረጃ ብርሃኑን ይይዘዋል፤ ኀይለኛውንም ኦክሲጅን ያበርደዋል።

ስለዚህ ሁለት ዘዴ ተፈለገ። አንደኛው፥ ሜላኒን አጥብቆ የማይይዘውን፥ ሞገዱ ከ700 ናኖሜትር በላይ የሆነውን ብርሃን መጠቀም ነው። ሁለተኛው፥ ዕጢውን ትቶ ዕጢውን የሚመግበውን የደም ሥር መምታት ነው። በእስራኤል አገር በቫይስማን ተቋም አቪግዶር ሸርዝና ዮራም ሳሎሞን ከባክቴሪያ በተገኘ ቀለም ሁለቱን ዘዴ አንድ አድርገው በአይጦች ላይ ሞከሩ፤ የደሙ መንገድ ተዘግቶ ዕጢው ደረቀ፥ ከአይጦቹም ብዙዎቹ ዳኑ።

ነገር ግን አይጥ ዳነ ማለት ሰው ዳነ ማለት አይደለም። የአይጡ ዕጢ ትንሽና ለቆዳ የቀረበ ነው፤ ብርሃንም ወደ ውስጥ የተሰራጨውን በሽታ ሁሉ ሊደርስበት አይችልም። በሰው ላይ ለተነሣ ሜላኖማ ዋናው ሕክምና ሳይዛመት ቈርጦ ማውጣት ነው።

እንግዲህ በውስጥ እግር ወይም ከጥፍር ሥር ያለ ጥቁር ነጥብ ቢሰፋ፥ ቢደማ ወይም መልኩ ቢለዋወጥ፥ የእሾኽ ጠባሳ ነው ብሎ መተው፥ በእሳትም መተኰስ አይገባም። አስተማሪም ሽማግሌም እንዲህ ያለውን ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይስደደው፤ በጊዜ የተቈረጠ ብዙ ጊዜ ይድናልና።