«አረፍ በል» ከምንለው «ካቻቢቴ እንካ» ብንለውስ?

አባቴ አትላንታ በመጣ በሦስተኛው ሳምንት «መቼ ነው የምትመልሰኝ?» አለኝ። ደነገጥኩ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ፍሪጁ ሙሉ ነው፣ እንጀራው ከክላርክስተን ይመጣል፣ ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ያወራል። ታዲያ ምን ጎደለው?

ጠዋት እኔና ባለቤቴ ወደ ሥራ፣ ልጃችን ወደ ትምህርት ቤት እንሄዳለን። አባቴ ሶፋው ላይ ይቀራል። አትላንታ ደግሞ መኪና ለማይነዳ ሰው እስር ቤት ማለት ናት። ማታ ስንመለስ «አባዬ፣ አረፍ በል» እንለዋለን። ከምን እንደሚያርፍ ግን አስበን አናውቅም።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የግብርና ባለሙያ ነበር። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን ገጠር የዞረው በያማሃ ሞተር ነው። የዶቅዶቄው ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ እኛ ልጆቹ በር ላይ እንሰለፍ ነበር። ይህን ሳስታውስ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ከጆርጂያ ገጠር አንድ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ቆማ የከረመች፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራች ያማሃ ዲቲ 125 በ600 ዶላር ገዛሁ። ባለቤቴ አይታት «ሞተር ነው ወይስ ቁራጭ ብረት የገዛኸው?» አለች። እውነቷን ነው።

አባቴ ግን ጎንበስ ብሎ ዞራት። ጣቱን ጭስ ማውጫዋ ውስጥ ከትቶ አሸተተና «ማርሚታዋ ተደፍኗል» አለ። በዚያ ሳምንት ሳንጠይቀው የተናገረው የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜያችን ጋራዥ ውስጥ ሆነ። የዘጠኝ ዓመት ልጄን አማርኛ ክፍል በግድ ስንጎትተው ነው የኖርነው፤ በአማርኛ ስንጠይቀው በእንግሊዝኛ ይመልሳል። አያቱ ግን «ካቻቢቴ አምጣ»፣ «ፒንሳውን አቀብለኝ»፣ «ካንዴላውን ጥረግ» ሲለው ይሮጣል። አንድ ቀን «ካንዴላ ግን ጣልያንኛ ነው» አልኩት። አላመነኝም። ጣልያን አገራችንን ወርሮ አምስት ዓመት ቆየ፤ በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ሲወጣ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሹንና ጎሚስታውን ለጋራዦቻችን ትቶ ሄደ። ካንዴላ በእነሱ ቋንቋ ሻማ ማለት ነው። ለልጄ ግን የአባባ ቃል ስለሆነ አማርኛ ነው። ተከራክሬ ተሸነፍኩ።

ልጄ ደግሞ በተራው አንድ ነገር አሳየን። ነዳጅ ታንኩን ጠርገን የያማሃ ምልክት ብቅ ሲል «ይኼ እኮ ፒያኖዬ ላይ አለ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ያው ነው፤ ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች። ያማሃ መጀመሪያ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነበር። ሞተር ሳይክል መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን የመጀመሪያውም የጀርመኑን ዲኬደብሊው ተከትሎ የተሠራ ባለ 125 ሲሲ ነበር። አባቴ ዕድሜ ልኩን ፒያኖ ሠሪ በሠራው ሞተር እንደዞረ ሲሰማ ሳቀ።

ጥፋትም አለ፤ የራሴ ነው። የዛገ ብሎን አልፈታ አለኝ። አባቴ «ዘይት አጠጣውና እስከ ነገ ተወው» አለኝ። እኔ ግን ቪዲዮ አይቼ፣ ትልቅ ቁልፍ ይዤ፣ በጉልበት ሰበርኩት። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ የተበላሸ ኮድ ሲያጋጥመኝ ወደ ትናንቱ እመልሰዋለሁ። የተሰበረ ብሎን ግን ወደ ትናንት አይመለስም። አባቴ ምንም አላለኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ በመሰርሰሪያ ቀስ እያለ ሲያወጣው ልጄ መብራት ያዘለት። እኔ ቆሜ አየሁ።

ካርቡራተሩ ሌላ ጣጣ ነበር። እዚህ የምንቀዳው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ ቤንዚኑም ለረጅም ጊዜ ሲቆም ይበላሽና ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። እኔ ይህን ከኢንተርኔት አንብቤ ሳስረዳ አባቴ «በደርግ ጊዜ በኩፖን ያገኘነውን ቤንዚን በጨርቅ አጥልለን ነበር የምንሞላው» አለ። ከዚያ ወሬው ቀጠለ። ወንዝ ሞልቶ ያደረበት ሌሊት፣ ሰንሰለት የተበጠሰበት መንገድ፣ እናቴን ያገኘበት ገበያ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ልጁ ሆኜ ያልሰማሁትን ነው። ለካስ ፊት ለፊት አስቀምጬ «እስቲ አጫውተኝ» ስለው የማይወጣው ታሪክ እጁ ሥራ ሲይዝ በራሱ ይወጣል።

በአምስተኛው ወር ተነሳች። ጋራዡ በሰማያዊ ጭስ ተሞላ፣ ልጄ እያሳለ ጨፈረ። አባቴ ግን ፍሬኗ ገና ስለሆነ አልነዳትም። ተቀምጦባት ዓይኑን ጨፍኖ ጋዝ ሰጠ፣ በቃ።

ስድስት ወሩ ሞላና አገሩ ገባ። ሞተሯ እስካሁን አላለቀችም። ወጪው ከገዛኋት ዋጋ በላይ ሆኗል፤ አዋጭ ነው ብዬ አልዋሽም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄ ስልኩን ፍሬኑ ላይ ደግኖ «አባባ፣ ይኼ ምንድን ነው?» ይላል፤ በአማርኛ። አባቴም ከወዲያ ማዶ መነጽሩን እያስተካከለ ያዝዘዋል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ክረምቱ ሲያልፍ ልምጣና እንጨርሳት» አለኝ። «መቼ ነው የምትመልሰኝ?» ያለኝ ሰውዬ ማለት ነው!

ወላጆቻችንን በብዙ ወጪ፣ ስንት የቪዛ ደጅ ጠንተን እናመጣቸዋለን። ካመጣናቸው በኋላ ግን ያሰብንላቸው መስሎን የሚያውቁትን ሥራ ሁሉ ከእጃቸው እንነጥቃለን። ሞተር መሆን የለበትም። የእናታችሁ የስፌት መኪና ሊሆን ይችላል፤ ከጓሮ ያለች አንዲት መደብ ጎመንም ትበቃለች። ዋናው እነሱ የሚያውቁት፣ እኛ የማናውቀው፣ የልጅ ልጅም የሚያግዝበት ሥራ መሆኑ ነው። ዕረፍቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።