አንድ ለዐሥራ ሁለት፦ የተዳፋት ፊዚክስና የእኩልነት መብት

በደቡብ ወሎ የሚገኘው አርዲቦ ሐይቅ ከጎረቤቱ ከሎጎ ሐይቅ ይልቅ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ይገኛል። ከዚያ ወደ ሐይቅ ከተማ ለሚመላለስ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ግድ ነው። በክራንች ለሚሄድ ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው መልክዐ ምድሩ ከባድ ፈተና መሆኑ አያከራክርም፤ ተራራውን ግን የሠራው ሰው አይደለምና ማንም አይከሰስበትም። ያ ሰው ዳገቱን ሁሉ አልፎ ከጤና ጣቢያ ወይም ከፍርድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ሦስት ደረጃዎች ቢያግዱትስ? እነዚህን የሠራነው እኛው ነን። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም ይህንኑ ሰው ሠራሽ ዳገት ነው።

እስቲ ጉዳዩን በቁጥር እንመርምረው። ሰውየውና ወንበሩ በአንድነት 90 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ እንበል፤ ክብደታቸው ወደ 880 ኒውተን ይሆናል። እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸውን ሦስት ደረጃዎች ለመውጣት 45 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ መነሣት ያስፈልጋል። ይህም በማናቸውም መንገድ ቢወጣ፣ ሰበቃን ሳንቆጥር፣ ወደ 400 ጁል የሚጠጋ ሥራ ይጠይቃል። ተዳፋት ይህን ሥራ አያስቀርም፤ በረጅም ርቀት ላይ በማከፋፈል የሚያስፈልገውን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ።

በብዙ አገሮች የሕንፃ ደንብ የተለመደው ልክ አንድ ለዐሥራ ሁለት ነው፤ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር አግድም ርዝመት ማለት ነው። በዚህ ልክ የሚያስፈልገው ግፊት 73 ኒውተን ያህል፣ ማለትም 7.5 ኪሎ ግራም እንደ ማንሣት ነው። በቦታ ጥበት ሰበብ አንድ ለአራት ሆኖ ከተሠራ ግን ወደ 22 ኪሎ ግራም ያሻቅባል። እንዲህ ያለው ተዳፋት በፎቶግራፍ ላይ መግቢያ ይመስላል፤ በክንዱ ጉልበት ብቻ ለሚወጣው ሰው ግን የተዘጋ በር ነው።

ሕጉ በዚህ ረገድ ዝም አላለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 በሥራ ቅጥር የሚደረግን አድልዎ ይከለክላል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች።

ከደረጃው የባሰ ዳገት ግን አመለካከት ነው። በዚሁ በደቡብ ወሎ፣ በሳይንት የተወለዱት የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ ዓይናቸው የጠፋው በ5 ዓመታቸው ነበር። ለጋብቻ አትሆንም በመባላቸው ከልጅነት ጋብቻ ማምለጣቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። በሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአካል ጉዳተኞች መብት ባደረጉት ተጋድሎ ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። የዓይናቸው ብርሃን አልተመለሰም፤ የተለወጠው በፊታቸው የተከፈተው በር ነው።

እንግዲህ ጉዳት በአካል ላይ ያለ ሲሆን መገለል ግን በአካልና በአካባቢ መካከል የሚፈጠር ግንኙነት ነው። አካባቢውን ደግሞ መለካትና ማስተካከል ይቻላል። ውድ አንባብያን፣ የምትማሩበትን ክፍል፣ የምትሠሩበትን ቤተ ሙከራ ደጃፍ በሜትር ለኩት፤ ከፍታውን በ12 አባዙት። የሚገኘው ቁጥር ለአንድ ተማሪ ወደ ሳይንስ የሚያስገባው መንገድ ርዝመት ነውና ለሚመለከተው ክፍል አቅርቡት።