ሁለት ፊደል በአንድ ብር ላይ



ከተማሪዎቼ አንዲት እናት ፊደል ቆጥረው እንደጨረሱ፣ ከመቀነታቸው የብር ኖት ፈቱና አማርኛውን አነበቡልኝ። ቀጥለውም፣ «ይኸ ሌላውስ ምን ይላል፣ ልጄ?» አሉኝ። «እንግሊዝኛ ነው፤ የሚለውም ያንኑ ነው» አልኳቸው። «እንግዲያማ አንዱን ያወቀ ሌላውንም ይደርስበታላ!» አሉ። እውነታቸውን ነው። በዚሁ መንገድ ጠፍቶ የተገኘ ፊደል አለና፣ እስቲ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ታላቁ እስክንድር በመካከለኛው እስያ ባክትሪያ የሚባለውን አገር የያዘው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ329 ነው። አገሩ የዛሬውን ሰሜን አፍጋኒስታንና አካባቢውን ይጨምራል። ከግሪኮቹ ብዙዎች እዚያው ቀሩ። ከልደት በፊት በ250 ገደማ አገረ ገዥው ዲዮዶቶስ ራሱን ችሎ ነገሠ፤ በስሙም የብር ገንዘብ አስመታ። ትልቁ ገንዘብ ቴትራድራክማ፣ ማለት ባለ አራት ድራክማ፣ 17 ግራም ያህል ይመዝናል። አሠራሩም የብር ጥፍጥፉን በተቀረጹ ሁለት ማኅተሞች መካከል አድርጎ በመዶሻ መምታት ነው። በአንዱ ፊት የንጉሡ መልክ፣ በሌላው የአምላካቸው ምስል ይወጣል። ጽሕፈቱ ግሪክኛ ብቻ ነበር።

ኋላ ግን ነገሥታቱ የሂንዱ ኩሽን ተራራ ተሻግረው ወደ ደቡብ ወረዱ። የዚያ አገር ሰው የራሱ ቋንቋና ካሮሽቲ የሚባል ፊደል ነበረው። ካሮሽቲ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል፤ ነገር ግን ልክ እንደኛ ሀ ሁ ሂ፣ በፊደሉ ላይ ጭረት ሲጨመር ድምፁ ይለወጣል። እንግዲህ ሰው የማያውቀውን ገንዘብ በቀላሉ አይቀበልም። ስለዚህ ከልደት በፊት በ2ኛው ምዕተ ዓመት የነገሠው ሜናንድሮስ፣ በብር ድራክማው ፊት በግሪክኛ፣ በጀርባው በካሮሽቲ አስጻፈ። ግሪክኛው «ባሲሌዎስ ሶቴሮስ ሜናንድሩ» ሲል፣ ካሮሽቲው «ማሃራጃሳ ትራታራሳ ሜናንድራሳ» ይላል። ሁለቱም «የአዳኙ የንጉሥ ሜናንድሮስ» ማለት ናቸው።

ዘመን አለፈ። ካሮሽቲን የሚያስተምር ጠፋ፤ ከ1,000 ዓመት በላይም የሚያነበው አልነበረም። በዛሬዋ ፓኪስታን፣ ሻህባዝ ጋርሂ በሚባል ቦታ፣ ንጉሥ አሾካ ለሕዝቡ ያስቀረጸው ምክር ከነድንጋዩ ቆሞ ድዳ ሆነ። ድንጋዩማ ነበረ፤ የጠፋው አንባቢው ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ፣ ቻርልስ ማሶን የሚባል እንግሊዛዊ በአፍጋኒስታን እነዚህን ገንዘቦች ሲሰበስብ አንድ ነገር አስተዋለ። ከፊት የሜናንድሮስ ስም ሲኖር፣ ከጀርባ የሚመጡት ምልክቶች ዘወትር አንድ ዓይነት ናቸው። ስሙ ሲለወጥ ምልክቶቹም ይለወጣሉ። ይህንንም በካልካታ፣ ገንዘብ በሚመታበት ቤት የብርና የወርቅ ጥራት መርማሪ ለነበረው ለጄምስ ፕሪንሴፕ አስታወቀ። የሰው ስም በትርጉም አይለወጥም አይደል? ፕሪንሴፕና ሌሎች ሊቃውንት ታዲያ «መ» የትኛው ነው፣ «ነ» የትኛው ነው እያሉ፣ ከአንዱ ንጉሥ ስም ወደ ሌላው እየተሻገሩ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቀሙት። ከዚያ በኋላ የሻህባዝ ጋርሂውም ድንጋይ ተነበበ።

ፊደል በብር ላይ ቢመታ፣ በድንጋይ ላይ ቢቀረጽ፣ የሚያስተምረው ከሌለ ዝም ይላል። እናንተም ዛሬ ማታ በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ አንብቡት፤ ከዚያም ፊደል ላልቆጠረው ጎረቤታችሁ አሳዩት።

ደህና ሰንብቱ።