የጀልባ ተሳቢ መብራት፦ ሲገዙ ምን ይመልከቱ? ከውሃስ እንዴት ይጠብቁት?

ከልጆቻችን መካከል ለመዝናናትም ሆነ ዓሣ ለማጥመድ ትንሽ ጀልባ የሚገዙ አሉ። ብዙውን ጊዜ የሚገዙት ያገለገለ ነው፤ ጀልባው ከነተሳቢው ይሸጣል። ገዢው ሞተሩን ያስነሳል፣ ጀልባው ቀዳዳ እንዳለው ያያል፣ በዋጋ ይከራከራል። ተሳቢውን፣ በዕብራይስጥ «ዓጋላ» ወይም «ንግራር» የሚባለውን፣ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ገንዘብ አበድሩኝ ወይም ዋስ ሁኑኝ ተብላችሁ የምትጠየቁ ወላጆች በመጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ስለ ተሳቢው መብራት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መኪና ጀልባ ሲጎትት የራሱ የኋላ መብራት ይሸፈናል። ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ፍሬን መያዛችሁን ወይም ልትታጠፉ መሆኑን የሚያውቀው በተሳቢው መብራት ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ከኪነሬት ወይም ከአሽዶድ ባሕር ወደ ቤት ሲመለሱ ገና 17፡00 ሳይሞላ ይጨልማል። መብራቱ የጠፋ ተሳቢ በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ እንደቆመ ግድግዳ ነው። በየዓመቱ ቴስት ሲቀርብም መብራቱ ይታያል፤ የማይሠራ ከሆነ አያልፍም።

የጀልባ ተሳቢ መብራት ከሌላው ተሳቢ ይልቅ ቶሎ የሚበላሸው ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ነው። ጀልባው እንዲንሳፈፍ ተሳቢው ወደ ኋላ እየተነዳ ይጠልቃል። ሹፌሩ ቁልቁለቱን ሲወርድ ፍሬን እንደያዘ ነው፤ ስለዚህ የፍሬን መብራቱ በርቶ በጣም ግሎ ሳለ ቀዝቃዛ ውሃ ያገኘዋል። የጋለ አምፖል ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ባይሰነጠቅ እንኳ በመብራቱ ሽፋን ውስጥ ያለው ሙቅ አየር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ውሃውን በጎማው ክፍተት ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው የባሕር ከሆነ ጨው ይዞ ይገባል። ውሃው ደርቆ ጨው ሲቀር ናሱን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል። ዛሬ ሠርቶ የነበረ መብራት ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

መብራት ስትገዙ ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንዱ የድሮው ባለ አምፖል ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሲቃጠልም አምፖሉን ብቻ መቀየር ይቻላል። አንድ የፍሬን አምፖል ግን 21 ዋት ይበላል፤ ይህም በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ያህል ነው፤ ሙቀቱም ከዚያ ይመጣል። ሁለተኛው ኤልኢዲ ነው፤ እዚህ አገር «ሌድ» የሚሉት። የሚበላው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፣ ብዙም አይግልም፣ ጥሩው ዓይነት ውስጡ በሙጫ መሰል ነገር ተሞልቶ የተዘጋ ስለሆነ ውሃ የሚገባበት ቦታ የለውም። ጉድለቱ ሲበላሽ ሙሉውን መቀየር ግድ መሆኑ ነው። ለጀልባ ከሆነ ግን ኤልኢዲው ይሻላል፤ ልዩነቱን ከፍላችሁ እሱን ውሰዱ።

ነገር ግን «ውሃ አይፈራም» የሚለውን የሻጭ ቃል ብቻ አትመኑ። በማሸጊያው ላይ «አይፒ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ሁለት ቁጥር አለ። ሁለተኛው ቁጥር ስለ ውሃ የሚናገር ነው። 65 ወይም 66 ከሆነ መብራቱ ዝናብንና የሚረጭ ውሃን ይችላል እንጂ ለመጥለቅ አልተሠራም። 67 ማለት እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ይችላል ማለት ነው። 68 ከዚያ በላይ ሲሆን ጥልቀቱን የሚወስነው ፋብሪካው ነው። ለጀልባ ከ67 በታች አትግዙ።

ከአሜሪካ የመጣ ተሳቢ ወይም መብራት ሲገጥማችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። በብዙዎቹ ፍሬቻውና የፍሬን መብራቱ አንድ ቀይ መብራት ነው። በአውሮፓው አሠራር ፍሬቻው ብርቱካናማ ሆኖ ለብቻው ነው፤ ሽቦውም ለብቻው ይመጣል። ሁለቱ ሳይጣጣሙ ቢገናኙ መብራቱ የተሳሳተ ምልክት ይሰጣል። በተረፈ የታርጋ መብራቱንና ከኋላ ያሉትን ሁለት ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂዎች እዩ።

በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ባሕር ለሚወርድ ሰው ከሁሉ የሚቀለው መብራቶቹ፣ ታርጋውና አንጸባራቂው በአንድ ላይ የተገጠሙበት ተነቃይ ሰሌዳ ነው። ጀልባው ከመውረዱ በፊት ይነቀላል፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፣ ሲመለሱ ይታሰራል። ውሃ የማይነካውን ነገር ከውሃ መጠበቅ አያስፈልግም። ሰሌዳው የጀልባው ሞተር እንዳይሸፍነው ከሞተሩ በስተኋላ ይታሰር፤ ገመዱም ጎማ ላይ እንዳይደርስ ይጠለፍ።

መብራቱ ደህና ሆኖ ሽቦው የሚያስቸግርበት ጊዜ ብዙ ነው። በተለመደው ባለ 7 ቀዳዳ ስፒና ነጩ ሽቦ ኔጋቲቭ ነው፤ ቢጫው የግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው የቀኝ ፍሬቻ፣ ቀዩ ፍሬን፣ ጥቁሩና ቡናማው የግራና የቀኝ የኋላ መብራት ናቸው። ባገለገለ ተሳቢ ላይ ግን የቀድሞው ባለቤት ያገኘውን ቀለም ቀጥሎ ሊሆን ስለሚችል በመሞከሪያ መብራት ይረጋገጥ። ግራ ፍሬቻ ስታበሩ ሌላው መብራት አብሮ ከተርገበገበ፣ ወይም ፍሬን ሲያዝ የኋላው መብራት ከደበዘዘ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ኔጋቲቩ ነው። ብዙ ተሳቢዎች ኔጋቲቩን በብረታቸው በኩል ያስተላልፋሉ፤ ብረቱ ሲዝግ መንገዱ ይቆረጣል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን ነጭ ሽቦ እስከ ስፒናው ማድረስ ነው። መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቅልሎ መተው አይበቃም፤ በሙቀት የሚጠበቅና ውስጡ ሙጫ ያለው ቱቦ ይደረግበት። ሲሊኮን የምትቀቡ ከሆነ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውን ተዉት፣ እሱ ራሱ ናሱን ይበላል።

ኤልኢዲ ከተገጠመ በኋላ ፍሬቻው በጣም ቢፈጥን ወይም መኪናው «አምፖል ተቃጥሏል» ብሎ ቢያስጠነቅቅ አትደንግጡ። መኪናው የሚበላው ኤሌክትሪክ ስላነሰበት ነው። ይህን የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው። በአዲስ መኪና ላይ ሽቦ ቆርጦ መቀጠል ከመብራቱ ዋጋ ብዙ እጥፍ የሚያስከፍል ጥፋት ያመጣል።

ባሕር ዳር ሲደርሱ መጀመሪያ የሚሠራው ስፒናውን መንቀል ነው። ከዚያ ጀልባውን እያዘጋጁ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቢቆዩ አምፖሉ ይበርዳል። ከወጡ በኋላ ተሳቢው ሁሉ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ በተለይ ከአሽዶድ፣ ከአሽቀሎን ወይም ከኤይላት ሲመለሱ። ጣና ዳር ያደገ ሰው ይህን አይስተውም፦ የደንገል ታንኳ ከውሃ ወጥቶ ካልደረቀ ዕድሜው ያጥራል። ስፒናው ከደረቀ በኋላ ውስጡን በትንሽ የሲሊኮን ቅባት መቀባት ዝገትን ያዘገያል።

ስለ ግዢው አንድ ነገር። ከነጋዴ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የገዛችሁትን ዕቃ ከደረሳችሁ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። ዕድሜያችሁ 65 የሞላ፣ አካል ጉዳተኞች፣ ወይም የኦሌ ሰርተፍኬት ከተቀበላችሁ 5 ዓመት ያልሞላችሁ ከሆናችሁ፣ ግዢውም ከሻጩ ጋር በመነጋገር የተፈጸመ ከሆነ፣ እስከ 4 ወር ጊዜ አላችሁ። ዕቃው ጉድለት ከሌለው ነጋዴው ለስረዛው ሊያስከፍል የሚችለው ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሸቀል ነው፤ ከሁለቱ ያነሰው። ያገለገለ ተሳቢ ከግለሰብ ሲገዛ ግን ይህ መብት የለም። ስለዚህ ገንዘቡ ከመቆጠሩ በፊት ተሳቢው ከልጁ መኪና ጋር ይያያዝ፤ አንዱ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ፍሬን ይያዝ፣ ግራና ቀኝ ፍሬቻ ያብራ፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ይመልከት። ይህን ለማየት መንጃ ፈቃድም ሆነ ዕብራይስጥ አያስፈልግም፤ አባት ወይም እናት ከኋላ ቢቆሙ ይበቃል።